የማክሰኞ ውሃ

አባቴ ጀብሪል ግራና ላይ ሃያ ስድስት ዓመት የውሃ አባት ሆኖ ኖሯል። የውሃ አባት ማለት ከወንዙ በተጠለፈው ቦይ ላይ የገበሬውን ተራ የሚጠብቅ፣ በሮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ሁለት ሰዎች ለአንድ ውሃ አካፋ ሲያነሱ መሃል የሚገባ ሽማግሌ ነው። ደመወዝ የለውም። ሰው አምኖት ነው የሚቀመጠው፤ ካላመነው ደግሞ በማግስቱ ተራ ገበሬ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ሰው እንኳ «ጀብሪል ውሃዬን ለሌላ ሰጠብኝ» ብሎ አያውቅም። እስከ አምና ድረስ ማለቴ ነው። አምና ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጁ።

ዙልፋ እባላለሁ። ወልድያ ጎንደር በር አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ኮድ እጽፋለሁ። እናቴ ዘሀራ እስካሁን «ኮምፒውተር ትጠግናለች» ነው የምትለው፤ ማስረዳቱን ከተውሁት ቆይቷል። የምጽፍበት ቋንቋ ሃስኬል ይባላል። በዚህ ቋንቋ የሚጻፍ እያንዳንዱ የኮድ ቁራጭ ጨዋ ነው፤ የሰጡትን ይቀበላል፣ መልሱን ይመልሳል፣ በጎን ማንንም አይነካም። ዛሬ ሦስት ሰጥተውት ስድስት ካለ፣ የዛሬ ዓመትም ሦስት ቢሰጡት ስድስት ነው የሚለው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ኮምፓይለር የሚባል ተቆጣጣሪ እያንዳንዱን መስመር ይፈትሻል፤ ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ስም ቢያስገቡ አያሳልፍም። ይህን ቋንቋ እንደ ሰው ነው የምወደው። ከሰው ጋር ቶሎ ስለምጣላ ይሆናል።

የግራና የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ለቦዩ በሮች ሞተር ሊያስገጥም ሲነሳ ፕሮግራሙን እኔ ልሥራው አልሁ። ማንም አልለመነኝም። የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ትርንጎ «ያባትሽን ድካም ታቃልይለታለሽ» ብላ ደስ አላት። አባቴ ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር፤ በቀን ሁለት ጊዜ ቦዩ ራስ ድረስ መውጣት ጉልበቱን ጨርሶታል። የተራውን ሥርዓት ከአፉ እየሰማሁ ጻፍሁት። ማን ከማን እንደሚቀድም፣ በረመዳን ሰዓቱ እንዴት እንደሚሸጋሸግ፣ ለቅሶ የገጠመው ሰው ተራው እንዴት እንደሚጠበቅለት። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ መልሼ አነብለታለሁ፣ «ሸጋ» ይላል። በዕድሜዬ ከአባቴ ጋር እንደዚያ ረጅም ጊዜ ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

ችግሩ ሞተሮቹ ሃስኬል አይሰሙም። ከውጭ አገር የመጣው መቆጣጠሪያ ሳጥን የራሱ ላይብረሪ አለው፤ ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት፣ እየጠሩ የሚጠቀሙበት የኮድ ክምችት ማለት ነው። እሱም የተጻፈው ሲ በሚባል የቆየ ቋንቋ ነው። ሲ ከብረቱ ጋር ፊት ለፊት ይነጋገራል። ጠባዩ ግን ሌላ ነው፤ አይፈትሽም፣ አይጠይቅም፣ ገደል ግባ ቢሉት ይገባል። ሁለቱን ለማገናኘት ድንበሩ ላይ ለእያንዳንዱ ጥሪ አንዲት መስመር ይጻፋል፤ «ከማዶ እንዲህ የሚባል አለ፤ ይህን ስሰጠው ይህን ይመልስልኛል» የምትል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያ ሁሉን የሚፈትሽ ኮምፓይለር ከድንበሩ ማዶ ማየት አይችልም። ስለዚህ ጸሐፊው ያለውን አምኖ ይቀበላል። የምስክር ቃል እንደሚሰማ ዳኛ ነው፤ ውሸት ከሆነ ኃጢአቱ የመስካሪው ነው።

እንዲህ ያሉ አሥራ አንድ መስመሮች ነበሩኝ። አሥሩን ከላይብረሪው መመሪያ ጋር እያመሳከርሁ፣ ሞተሩን ወልድያ ጠረጴዛዬ ላይ እያስነሳሁ ፈተንኋቸው። አሥራ አንደኛዋን የጻፍኋት ሊገጠም ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። መብራት ሲጠፋ የውሃ አባቱ በሩን በእጅ ማዞሪያ ይከፍተዋል፤ ሳጥኑ ባትሪ ስላለው በእጅ የተደረገውንም ይመዘግባል። እኔም «በእጅ ተከፈተ ወይ?» ብላ የምትጠይቅ መስመር ጨመርሁ። የጥሪውን ስም አይቼ ገባኝ አልሁ። መመሪያውን አላነበብሁም፤ ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነበር።

ፕሮግራሙ ከጥቅምት ጀምሮ ያለ እንከን ሠራ። እያንዳንዱ በር በየተራው «ተከፈተ» ወይም «አልተከፈተም» ተብሎ ይጻፋል፤ የማኅበሩ ኮሚቴም በስልኩ ያየዋል። አባቴ መጀመሪያ ላይ ስልኩን እያገላበጠ ይስቅ ነበር። «እኔ ከምለው በፊት እሱ ይላል እኮ» ይል ነበር ለጎረቤት፤ ኩራቱ በእኔ ነበር።

በጥር ወር በግራና የመብራት መስመር ማክሰኞ ማክሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ መብራት ይጠፋ ጀመር። ማክሰኞ ከሰዓት ደግሞ ተራው የካሳሁን ብቻ ነው። ካሳሁን ከደጋው፣ ከጉባ ላፍቶ በኩል ወርዶ ግራና ከሰፈረ የቆየ ገበሬ ነው፤ ከአባቴ ጋር በበዓል የሚጠያየቁ፣ በለቅሶ የሚተካኩ ሰዎች ናቸው። ማሳው ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ ውሃው የሚደርሰው በመንገዱ ሥር በተቀበረ ቱቦ አልፎ ነው። በዚያ ወር በመንገዱ ማዶ ሽንኩርት የተከለ እሱ ብቻ ነበር። አንድ ማክሰኞ ውሃ አልደረሰውም። አባቴን ጠየቀው፤ «ከፍቼልሃለሁ፣ ምናልባት ወንዙ ቀንሶ ይሆናል» አለው። በሁለተኛውም በሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። በአራተኛው ሽንኩርቱ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር።

ቱቦውን ለምን አላዩትም የሚል ይኖራል። እኔም ብያለሁ። ግን ስልክ እያለ ማን ጎንበስ ብሎ ቱቦ ያያል? ወይዘሮ ትርንጎ ስልኳን አወጣች። አራቱም ማክሰኞ «አልተከፈተም» ይላል።

ቅዳሜ ዕለት በማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ ሰው ተሰበሰበ። እኔም ተጠርቼ ከወልድያ በሚኒባስ ሲሪንቃን አልፌ መርሳ ወረድሁ፣ ከዚያ በባጃጅ ግራና ገባሁ። መንገድ ላይ የተጨነቅሁት ለአባቴ ነው እንጂ ለፕሮግራሙ አልነበረም። እርጅና ተጫጭኖታል፣ ረስቶታል፣ እንዴት አድርገን ክብሩ ሳይነካ እናሳርፈው እያልሁ ነበር የመጣሁት። ይኸን ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ወይዘሮ ትርንጎ ንግግሯን በልስላሴ ጀመረች። «ጋሽ ጀብሪል፣ እርስዎን የሚጠረጥር የለም። ግን ይኸው ተጽፏል።»

«ከፍቻለሁ» አለ አባቴ። «በዚህ እጄ ነው ያዞርሁት። ውሃው ሲወርድም አይቻለሁ።»

«ጀብሪል» አለ ካሳሁን፤ ድምፁ ከፍ አላለም፤ «ለሌላ ሰጠኸው አልልህም። ግን ማሳዬን አይተኸዋል።»

«አይቸዋለሁ። ልቤን ነው የነካኝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነገሩን ሊያሳጥረው ፈለገ። «እንግዲያ ወላሂ ይበል። ጀብሪል ወላሂ ካለ ነገሩ አለቀ» አለ። ካሳሁንም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። «ለኔም ይበቃኛል» አለ። እውነትም ይበቃው ነበር። አባቴ በሐሰት እንደማይምል ክርስቲያኑም እስላሙም ያውቃል። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የቀረችው።

አባቴ አፉን ከፈተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ዙልፋ፣ ልጄ» አለኝ፤ «ይኸ ማሽን ይሳሳታል?»

ጥያቄው የተከሳሽ አልነበረም። የሚያውቅን ሰው እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀኝ። «ልየው» ማለት እችል ነበር። «አንድ ቀን ስጡኝ» ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ከኮሚቴው ሁለት ወንዶች ገና ከመጀመሪያው «የሴት ልጅ መጫወቻ» እያሉ ሲያላግጡ ሰምቻለሁ፤ እነሱም ፊቴ ተቀምጠዋል። ደግሞ በልቤ ርግጠኛ ነበርሁ። የተራውን ሥርዓት ኮምፓይለሩ አንድ በአንድ ፈትሾልኛል።

«አይሳሳትም፣ አባዬ» አልሁ። «ተፈትሿል።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። አባቴ ቀኝ መዳፉን ገለበጠና አየው። ማዞሪያውን የያዘበትን እጅ ነው።

«እንግዲያ አልምልም» አለ። «የሳትሁ እኔ ነኝ።»

«ከፍቻለሁ ብለህ ነበር እኮ» አለው ካሳሁን፤ እንዲምልለት የሚለምነው ይመስል ነበር።

«ብዬ ነበር። የከፈትሁ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌ ነኝ፤ የሌላውን ቀን ከዚህኛው ቀን አምታትቼው ይሆናል። ርግጠኛ ባልሆንሁበት ነገር የአላህን ስም አልጠራም።»

የበሩን ማዞሪያ ያንኑ ዕለት ለወይዘሮ ትርንጎ አስረከበ። የካሳሁን ሽንኩርት ስለደረቀ ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ ከሰዓት በሩን የሚያስከፍት አልነበረም። ማንም አምጣ አላለውም። ወደ ቤት ስንሄድ ከፊቴ ከፊቴ እየሄደ ቀኝ መዳፉን ደጋግሞ ያይ ነበር። እኔም እንደ ድካም ቆጥሬው ወደ ወልድያ ተመለስሁ።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ደወለች። አባቴ በማለዳ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ካሳሁን ደጅ ሄዶ ነበር። ድንጋይ ተሸክሞ የሚማለድ ሰው በእኛ አገር ምን ያደረገ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ደም ያፈሰሰ፣ ወይም ከዚያ ያልራቀ። ካሳሁን በባዶ እግሩ ሮጦ ወጥቶ ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ እንዳወረደለት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ምን አደረግሁህና ነው እንዲህ የምታዋርደኝ» ብሎ እንደተቆጣ፣ ከዚያ ሁለቱም ደጃፉ ላይ ተቀምጠው እንዳለቀሱ ነገረችኝ። መንደሩ ሁሉ አይቷል።

ከዚያ በኋላ የእናቴ ስልክ በየቀኑ ሆነ።

«ከሰዓት በኋላ አሱር ሰግዶ ተነሳና ሦስት ነው አራት የሰገድሁት አለኝ» አለች አንድ ቀን። «እኔ ምን አውቄ። ደግሞ ሰገደ። ደግሞ ጠየቀኝ።»

በሌላ ቀን ምሳ በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ በልቼ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። ከመስጊድ ሲመለስ የራሱን ጫማ ትቶ በባዶ እግሩ መጣ፤ የኔ መሆኑን ርግጠኛ አልነበርሁም አለ። እናቴ ቁጭ ብላ የስግደቱን ዙር፣ ረከዓውን ትቆጥርለት ጀመር። አርባ ዓመት አብራው ስትኖር ሲሰግድ አጠገቡ ድምፅ አሰምታ አታውቅም ነበር፤ አሁን «አንድ፣ ሁለት» እያለችለት ነው የሚሰግደው።

እኔ ምን አልሁ? «ገና ድሮ ነው ማሳየት የነበረብን» አልሁ። አእምሮው እየከዳው መሆኑን ከሁሉ በፊት የደረሰበት ፕሮግራሜ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። እንዲያውም አንድ ቀን ለጓደኛዬ «ኮዱ ነው በሽታውን ያወቀው» ብዬ አውርቻለሁ።

ወልድያ አምጥቼ ሐኪም ቤት ወሰድሁት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሕትናው ደስ ይላል። ቀኑን ጠየቀው፣ ከመቶ ሰባት ሰባት እያስቀነሰ አስቆጠረው፣ ሦስት ዕቃ ነግሮት ከቆየ በኋላ አስደገመው። አባቴ ሁሉንም በትክክል መለሰ። ግን ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ዞር ብሎ ፊቴን ያያል። ልክ መሆኑን ከእኔ ሊያነብ ነው። ጭንቅላቱንም በማሽን ፎቶ ተነሳ። ሐኪሙ ውጤቱን ዘርግቶ አየና «ምንም የለም፣ አባቴ። ምንም አላገኘንም» አለው።

ደረጃውን ስንወርድ አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

«አልቋል ማለት ነው?» አለ በዝግታ።

«ምኑ ነው ያለቀው፣ አባዬ?»

«ምንም የለም አለ እኮ። ራሴ ውስጥ አይቶ ምንም የለም አለ።»

ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። እንደ ሕፃን የሚያስረዳ ሰው ድምፅ አወጣሁ። «አይ አባዬ፣ ሐኪም ምንም የለም ካለ ደህና ነው ማለት ነው እኮ። እሱ የሚፈልገው በሽታ ነው። በሽታ ፈልጎ ሲያጣ ምንም የለም ይላል። ምንም ማለት…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስሁትም። ደረጃው ላይ ቆምሁ። አባቴ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ እሰማዋለሁ፣ እኔ ግን አሥራ አንደኛዋን መስመር እያሰብሁ ነበር።

ቤት እንደገባን አስተኛሁትና ኮምፒውተሩን ከፈትሁ። አሥራ አንደኛዋን ጥሪ በላይብረሪው መመሪያ ውስጥ ፈለግኋት። ሁለት መስመር ማብራሪያ ነው ያላት፤ በአማርኛ እንዲህ ማለት ነው። «በእጅ የተደረገን መክፈት ይመረምራል። እንከን ካልተገኘ ዜሮ ይመልሳል፤ እንከን ከተገኘ የእንከኑን ቁጥር።»

ሳጥኑ እንደ ሐኪሙ ነው። የሚፈልገው እንከን ነው፤ ሲያጣ ምንም ይላል። ምንም ማለት በሩ ደህና ተከፍቷል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ድንበሩ ላይ ቆሜ፣ ዜሮን እንደ «አይደለም» ቆጥሬ፣ ዜሮ ሲመጣ «አልተከፈተም» በል ብዬ ጽፌያለሁ። አራት ማክሰኞ ሳጥኑ «ጀብሪል በደንብ ከፍቷል» እያለ ሲመሰክር፣ እኔ «አልከፈተም» እያልሁ አስተረጎምሁ። ኮምፓይለሩ አላስቆመኝም፤ ማስቆም አይችልም። ቃሌን ነው ያመነው። አባቴ በዓይኑ ባየው ነገር እንኳ ለመማል ፈራ። እኔ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ባላየሁት ማልሁ።

ከጓዳው የአባቴ ድምፅ ይሰማኛል። ተነስቶ እየሰገደ ነው፤ እናቴ ስለሌለች ረከዓውን በጣቱ እየያዘ። ገብቼ ልነግረው ተነሳሁና ተመልሼ ተቀመጥሁ። ብነግረው ወዲያው ያምነኛል። የሚያስጠላኝም ይኸው ነበር። በእኔ ቃል ራሱን ጥፋተኛ አድርጓል፤ በእኔ ቃል ደግሞ ራሱን ነፃ እንዲያወጣ አልፈለግሁም። በዓይኑ እንዲያይ ነው የፈለግሁት።

ወይዘሮ ትርንጎን ደወልሁላት። ነገሩን ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ዙልፋዬ፣ ልጅ ላባቷ ያለችውን ማን ያምናታል?» አለች። ክፋት አልነበረባትም።

«አትመኑኝ» አልኋት። «ማክሰኞ ኑና እዩ። ካሳሁንም ይምጣ።»

ማክሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ቦዩ ራስ ላይ አሥራ አምስት ያህል ሰው ቆሞ ነበር። መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል። አባቴ አንድ ድንጋይ ላይ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ፕሮግራሙን ገና አልነካሁትም ነበር፤ እንዳለ እንዲያዩት ፈልጌ ነው። ማዞሪያውን ከወይዘሮ ትርንጎ ተቀብዬ ለካሳሁን ሰጠሁት።

«እርስዎ ይክፈቱት» አልሁት።

ካሳሁን አዞረ። ብረቱ እየተንጫጫ ተነሳ፣ ውሃው ከሥሩ ወጥቶ ቦዩን ሞላ። ሁሉም አየው። ስልኩን ሰጠሁት። ካሳሁን ፊደል የቆጠረው በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ጣቱን እያስኬደ ጮክ ብሎ አነበበ። «አል… ተከ… ፈተም።»

ውሃውን አየ። ስልኩን አየ። ደግሞ ውሃውን አየ።

«ውሃው ይወርዳል» አለ። «ይኸ ደሞ አልተከፈተም ይላል።»

«ስህተቱ የማሽኑ አይደለም» አልሁ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ማሽኑ ደህና ነው ያለውን እኔ አልተከፈተም ብዬ ጻፍሁት። መመሪያውን ሳላነብ ነው የጻፍሁት። አባቴ አራቱንም ማክሰኞ ከፍቷል። በመጋዘኑ ደጃፍ ስጠየቅ አይሳሳትም ያልሁት ሳላይ ነው።»

ካሳሁን ውሃውን ተከትሎ መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ሰውም ተከተለው። ውሃው መንገዱ ዘንድ ደርሶ ቱቦው ውስጥ ገባ። በማዶ በኩል ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልወጣም። አንዱ ከመንገዱ በታች ወደ ሸለቆው ወርዶ ጠራን። የከባድ መኪና ክብደት ቱቦውን ከመሃሉ ሰንጥቆት ውሃው በድንጋዩ መሃል ወደ ሸለቆው ይፈሳል። ከሥሩ ለምለም ሣር በቅሎ ነበር፤ የአንድ ወር ሣር።

ካሳሁን ወደ አባቴ ተመለሰ። ጉልበቱ ላይ ሊወድቅ ሲል አባቴ ትከሻውን ያዘው።

«ደጄ ድረስ ድንጋይ ተሸክመህ…» አለ ካሳሁን።

«ተው፣ ተው» አለው አባቴ። «አንተ ምን አደረግህ። ውሃ ያጣ ሰው ይጠይቃል።»

ሰው ሲበታተን እኔም አባቴ እግር ሥር ተቀመጥሁ። «አፉ ይበሉኝ፣ አባዬ» አልሁት። «አፉ ብዬሻለሁ» አለ ወዲያው። ስኒ ለሰበረ ልጅ እንደሚባለው ነው ያለኝ። ቢቆጣኝ እመርጥ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ «አራቱንም ከፍቼ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አራቱንም።»

«በአራተኛው ማዞሪያው ጠንክሮብኝ በጥምጣሜ ጫፍ ይዤ ነው ያዞርሁት። እሱስ እውነት ነው?»

ከየት አውቀዋለሁ? ወልድያ ነበርሁ። ፊቴን እያየ ይጠብቃል፤ ሐኪም ቤት እንዳየኝ አድርጎ ነው የሚያየኝ።

«እውነት ነው» አልሁ።

«አንቺ ካልሽ» አለ።

ማኅበሩ በማግስቱ ማዞሪያውን በሽማግሌ መለሰለት። ወይዘሮ ትርንጎ ቤት ድረስ መጥታ እጁን ሳመች። የገበሬው ሁሉ አፍ ተቀየረ፤ ካሳሁን ገበያ ላይ እየዞረ «ጀብሪል አልተሳሳተም፣ በድለነዋል» ይላል አሉኝ። ሰው ቱቦውን አውጥቶ ጠገነው። እኔም አሥራ አንደኛዋን መስመር አስተካከልሁ፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ አልወሰደብኝም። ከዚያ አሥሩንም መልሼ ከመመሪያው ጋር አመሳከርሁ፣ ከዚያም ቦዩ ድረስ ሄጄ እያንዳንዱን በር በመብራትም ያለ መብራትም አስከፍቼ በዓይኔ አየሁ። ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ብዬ ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ከአባቴ ጋር ቦዩ ራስ ወጣሁ። መብራት የለም። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ቦዩ ውስጥ ገባና ማዞሪያውን ያዘ። እጁ እንደ ድሮው ነው፤ ብረቱ ሳይንጫጫ ተነሳለት። ውሃው መጥቶ በእግሮቹ መሃል ወረደ፤ ወደ መንገዱ፣ ወደ ካሳሁን ማሳ። እኔ ስልኬን ይዤ ዳር ላይ ቆሜ ነበር። «ተከፈተ» ይላል።

አባቴ ቀና አለ። የሚያየው ውሃውን አልነበረም፤ እጄ ላይ ያለውን ስልክ ነው።

«ዙልፋ» አለኝ፤ «ተከፍቷል?»

ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

«እርስዎ ይንገሩኝ፣ አባዬ» አልሁት።

ጎንበስ ብሎ መዳፉን ውሃው ውስጥ ነከረና አወጣው። ውሃው በጣቶቹ መሃል እየተንጠባጠበ ብዙ ቆየ። ውሃው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ደርሶ ሱሪውን ማርጠብ ጀምሯል።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አለኝ። «አንቺ እይልኝ።»